ገበያ ላይ ጥርስ ስለማስነቀል
ወንድሜ፣ «እናቴን ቡሬ ገበያ በጉጠት ጥርስ የሚነቅል ሰው ጋ ልውሰዳት ወይ?» ብለሃል። እባክህ አትውሰዳቸው። ርካሽነቱ አይሸውድህ። ያ ጉጠት ከእሳቸው በፊት የስንቱ ሰው አፍ ገብቷል? የጉበት ቫይረስ፣ ቢ የሚባለው፣ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። በአረቄ መጥረግ አያስተማምንም። ስኳር ወይም ግፊት እንዳለባቸውም አይጠይቅም።

አክስቴ እንዲህ ተነቅላ ሥሩ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ቀን አንገቷ አብጦ ምራቅ መዋጥ አቃታት። የታችኛው መንጋጋ መግል ወደ አንገት ከወረደ እኮ ትንፋሽ ይዘጋል! ደግነቱ ደርሰንላት ተረፈች።

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ውሰዳቸው። ራጅ አንስተው፣ አደንዝዘው ይነቅላሉ። ምናልባትም ሳይነቅሉ ጥርሱን ሞልተው ያተርፉላቸዋል። ፊታቸው ካበጠ ወይም ካተኮሳቸው ግን ዛሬውኑ ተነሱ።