ከ10 ስንት ያምሃል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ ሕመምን ማስረዳት ስላቃታቸው ሰዎች ናቸው። አራቱን እነሆ።

እናቴ ሌሊቱን ሙሉ «ጉልበቴን» እያለች ስታቃስት ታድራለች። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላት ግን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ምን ላድርግ? (ከአቶቴ፣ ሐዋሳ)

የሁላችንም እናት እንዲህ ናት። አክስቴን ሐኪም ቤት የወሰድኳት ቀን፣ ዶክተሩ ገና አንገቱን ከካርዱ ሳያነሳ ሦስት ጊዜ አመሰገነች። ወጥተን በሩ ላይ ስንደርስ «ውይ፣ ወገቤን አልነገርኩትም እኮ!» አለችኝ። ተመልሰን ገባን። ተረኛው ታካሚ ያየን አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።

ለእናትሽ «ደህና» ማለት ሰላምታ መመለስ ነው። ሐኪሙ ግን የሚጽፈው የሰማውን ነው። ስለዚህ ቤት ሳላችሁ ተነጋገሩ። «ያመኛል» ብቻ ሳይሆን፣ ያቃታትን ነገር ትንገረው፦ ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ ትይዝ እንደሆነ፣ ስግደት ትታ እንደሆነ፣ ቁጭ ብላ ታስቀድስ እንደሆነ። ይህ ለሐኪም ትልቅ መረጃ ነው።

አማርኛ የሚከብዳት ከሆነ በሲዳምኛ ትናገር። ሲዳምኛ የሚችል ነርስ ይጠራልን ማለት ነውር የለውም። አንቺ የምታስተረጉሚ ከሆነ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ወሬዋን «ትንሽ ያማታል» ብለሽ እንዳታሳጥሪው።

ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ እውጣለሁ። ወጌሻም ጋ ሄጃለሁ። ለሐኪሙ ብነግረው አይቆጣኝም?

ይቆጣ፤ ንገረው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የአንድ ቤተሰብ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ናቸው። ጨጓራ ሊያደሙ፣ ኩላሊት ሊጎዱ፣ የደም ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። ሐኪሙ ሳያውቅ የዚያኑ ዓይነት ቢደርብልህ ጉዳቱ ያንተ ነው። «አንድ ነጭ ክኒን» ከምትለው ባዶውን ፓኬት ኪስህ ከተህ ሂድ። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ግባ።

ባጃጅ ነጂ ነኝ። ወገቤን ያመኛል። «ከ10 ስንት ያምሃል?» ስባል ምን ልበል?

0 ምንም አያመኝም ማለት ነው፤ 10 ደግሞ ከዚህ የባሰ ሕመም አይታሰበኝም ማለት ነው። ትክክለኛ መልስ የሚባል የለውም። ቁጥሩ የሚጠቅመው ለማወዳደር ነው፤ ዛሬ 7 ብለህ መድኃኒት ከጀመርክ በኋላ 4 ካልክ፣ ሐኪሙ መሻልህን ያያል።

እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ቃሉን እወዳለሁ። በአማርኛ ሕመም ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ይቆረጥማል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይነዝራል። ከወገብህ ተነስቶ እየነዘረ እስከ እግርህ ጣት የሚወርድ ከሆነ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሊለይ ይችላል። ስንት ሰዓት ከነዳህ በኋላ እንደሚጀምርህ፣ ስትተኛ ይለቅህ እንደሆነም ተናገር። «ኩላሊቴን ነው» ብለህ አትጀምር፤ የት እንደሚያምህ በጣትህ አሳየው፣ ስሙን እሱ ያውጣለት።

ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ፣ በጭኖችህ መካከል ከደነዘዘህ ወይም እግርህ ከከዳህ ቀጠሮ አትጠብቅ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

22 ዓመቴ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ እሠራለሁ። የወር አበባዬ ሲመጣ ሁለት ቀን አልነሳም። ሐኪም ጋ ስሄድ «ስትወልጂ ይተውሻል» ተባልኩ።

ይህች መልስ ታናድደኛለች። ቁርጠት የተለመደ ነው፤ በየወሩ አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ግን መመርመር አለበት። አንዱ ምክንያት ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ሲያድግ ማለት ነው። አልትራሳውንድ ላይ ላይታይም ይችላል።

እንደገና ሂጂ፤ ሌላ ሐኪም ጋም ቢሆን፣ ቢቻል የማህፀን ስፔሻሊስት ጋ። «በጣም ያመኛል» ብለሽ ብቻ አትቁሚ። «በየወሩ ሁለት ቀን ከሥራ እቀራለሁ» በይው። ቀጥለሽም «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለሽ ጠይቂ። እስከዚያው ያመመሽን ቀን፣ የዋጥሽውን ክኒን፣ የቀረሽበትን ፈረቃ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ቀኑን በእኛም ሆነ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፍ ትችያለሽ፤ ብቻ አትቀላቅይ። እኔ አንዴ ቀላቅዬ ሐኪሙም እኔም ግማሽ ሰዓት ስንደምር ስንቀንስ ነበር።