በሬው አይሸጥ

ደብዳቤው የመጣው ከመሐል ሜዳ ነው። ጸሐፊዋ በስታትስቲክስ ተመርቃ፣ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኮንትራት መረጃ ትመዘግባለች። ደብረ ብርሃን ላይ የወጣ አንድ የጥናት ሥራ ማስታወቂያ አይታ ልቧ ከጀለ፤ «መልቲሌቭል ሪግሬሽን የሚችል» (በየቡድኑ የተሰባሰበ መረጃ የሚተነተንበት የስታትስቲክስ ዘዴ ነው) የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ወንድሟ «ሥራሽን ልቀቂና አዲስ አበባ የሦስት ወር ሥልጠና ግቢ» ይላታል። ለክፍያው አባቷ አንድ በሬ ሊሸጡ ነው። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ዕድሜዬም 27 ሞላ። ብቻዬን ልማረው እችላለሁ ወይስ ልሂድ?» ትላለች።

እህቴ፣ በሬው አይሸጥ።

አባትሽ ያላቸው አንድ ጥማድ መሆኑን ራስሽ ጽፈሻል። አንዱ ከተሸጠ በሚቀጥለው እርሻ መቀናጆ ፍለጋ የጎረቤት ደጅ ሊጠኑ ነው። ለአንድ ወረቀት! ወንድምሽ «ሰርተፍኬት ከሌለሽ ማን ያይሻል» ብሎሻል፤ ከኪሱ ስንት እንደሚያዋጣ ግን አልነገርሽኝም። በአባት በሬ መምከር ቀላል ነው። እኔ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። ሰርተፍኬቱን አገላብጠን እናስቀምጠዋለን። ከዚያ «ዳታሽ ከስንት ትምህርት ቤት ነው? ለምን እንዲህ ሠራሽው?» ብለን እንጠይቃለን። ብዙው አመልካች የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። መልቲሌቭል የሚባለው ነገር አንቺ በየቀኑ በጠረጴዛሽ ላይ የምታይው ነው። ተማሪው በክፍል ውስጥ ነው፣ ክፍሉ በትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ በጉድኝት፣ ጉድኝቱ በወረዳ። አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር አጥቶ ግማሽ ዓመት ከረመ እንበል። በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ውጤት አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ከእነሱ 25ቱን ብትጠይቂ 25 የተለያየ ወሬ አላገኘሽም፤ በከፊል ያንኑ አንድ ወሬ ደጋግመሽ ነው የሰማሽው። ተራው ሪግሬሽን፣ አንድ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚለካው ስሌት፣ ይህን አያውቅም። ሁሉንም ልጅ ለየብቻው እንደመጣ ይቆጥርና ስታንዳርድ ኤረሩን፣ ማለትም ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየውን ቁጥር፣ ከሚገባው በታች ያደርግልሻል። ያኔ ሲግኒፊካንት ያልሆነው፣ ማለትም በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችለው ልዩነት፣ ሲግኒፊካንት መስሎ ይታያል።

በቁጥር እንየው። ከ24 ትምህርት ቤት 25፣ 25 ተማሪ ወሰድሽ፤ 600 ሆነ። የውጤቱን ልዩነት ለሁለት ከፈልሽው፦ በትምህርት ቤቶች መካከል ያለው 20፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በልጆች መካከል ያለው 80። 20ን ለ100 ስታካፍይ 0.2። አይሲሲ የሚሉት ይህን ነው። አሁን 25 ላይ 1 ቀንሺ፣ በ0.2 አባዢ፣ 1 ደምሪ፤ 5.8 ይመጣል። 600ን ለ5.8 አካፍይ። አማካይ ውጤቱን ለመገመት ከሆነ፣ የያዝሽው መረጃ ጉልበቱ የ103 ልጆች ያህል ነው። ቤተ መጻሕፍት ያላቸው ትምህርት ቤቶች ይሻላሉ ወይ ብለሽ ከጠየቅሽማ፣ ምስክሮችሽ 24ቱ ትምህርት ቤቶች ብቻ ናቸው። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ማካፈል የምትችል ልጅ ለምን ትፈራዋለች?

ትልልቆቹም ተሳስተውበታል። እንግሊዛዊው የትምህርት ተመራማሪ ኔቪል ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1976 በጥብቅ ሥርዓት የሚማሩ ልጆች የተሻለ ይሻሻላሉ የሚል ጥናት አወጣ፤ ብዙ አነጋገረ። በ1981 የስታትስቲክስ ባለሙያው አይትኪንና ባልደረቦቹ ያንኑ ዳታ የልጆቹን ክፍል ከግምት አስገብተው እንደገና ሠሩት። ሲግኒፊካንት የተባለው ልዩነት ጠፋ።

የእኔ ደግሞ ይኸውልሽ። ሥራ የጀመርኩት በመረጃ ሰብሳቢነት ነው፤ መርሐቤቴ ውስጥ መጠይቁን በፌስታል ጠቅልዬ በእግሬ ዞሬያለሁ። ከዓመታት በኋላ የ900 አባወራ ዳታ ተንትኜ በአንድ አዳራሽ ፊት ቆምኩ። ውጤቱ የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን የሚጠቁሙት ፒ ቫልዩዎቼ ሁሉ ያምራሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ስንት ቀበሌ ሄዳችሁ?» «ስድስት» አልኩ። «እንግዲያው ያላችሁ ስድስት ነዋ» አሉና ተቀመጡ። ሻይ ሰዓት ድረስ ጆሮዬ ይነድ ነበር። ደግሞ መልቲሌቭልም ቢሆን ብዙ አያድነኝም ነበር። ከስድስት ቀበሌ ስለ ቀበሌዎች ልዩነት ብዙ መናገር አይቻልም፤ ሠላሳ አርባ ቢሆን ነው ልብ የሚሞላ ነገር የሚገኘው።

ለዚህ ነው ሥራሽን አትልቀቂ የምልሽ። ዳታው ያለው እዚያው አጠገብሽ ነው። የትኛው ትምህርት ቤት መምህር እንዳጣ፣ የትኛው በክረምት መንገድ እንደሚቆረጥበት ታውቂያለሽ። አዲስ አበባ ያለው አሠልጣኝ ይህን አያውቅም። ኃላፊሽን በደብዳቤ አስፈቅጂ፣ የልጆቹን ስም ከፋይሉ ላይ አጥፊ፣ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ አር የሚባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም ጫኚ። ነፃ ነው። የመልቲሌቭል ሞዴል የሚሠራውን ኤልኤምኢ4 የሚባለውን ፓኬጅ ጨምሪበት። ሰው በፍላሽ የሚያዞረውን ክራክ የተደረገ ስታታ የሚባል የሚሸጥ ፕሮግራም ተይው፣ ከነቫይረሱ ነው የሚመጣው። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የመልቲሌቭል ማዕከል ነፃ የኦንላይን ትምህርት አለው፤ ኔትወርክ ሲኖር ገብተሽ ተመዝገቢ።

መጀመሪያ ባዶውን ሞዴል ሥሪ። ጾታ የለ፣ ዕድሜ የለ፣ ውጤቱና ትምህርት ቤቱ ብቻ። ሁለት የልዩነት ቁጥር ያወጣልሻል፣ በትምህርት ቤቶች መካከል ያለውንና በትምህርት ቤት ውስጥ በልጆች መካከል ያለውን፤ አንድ ቀን ሙሉ እነሱን እያየሽ ዋዪ። ቀጥሎ የልጁን ነገር አስገቢ፦ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው ርቀት ካለሽ። ከዚያ የትምህርት ቤቱን። የሴትና የወንድ ልዩነት በሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ነው ወይስ ይለያያል የሚለው ራንደም ስሎፕ ይባላል፤ እሱ ይቆይ። ውጤቱን «አለፈ፣ ወደቀ» ብለሽ አትቁረጪው፣ በእጅሽ ያለውን መረጃ ትጥይዋለሽ። ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤት ከተማ ውስጥ ያለው ሊሆን ይችላል። ያኔ የጠቀመው መጽሐፉ ይሁን ከተማው፣ ሞዴሉ ብቻውን አይለይልሽም።

ቀጣሪዎች ይህን የሚጠይቁት ለፋሽን አይደለም። በእ.ኤ.አ. 2016ቱ የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል፤ ናሙናው የወጣው ግን ከ645 የቆጠራ ቦታዎች ነው። የእኛ አገር ትልልቅ ዳታ በአብዛኛው እንዲህ በቡድን በቡድን ተሰባስቦ የሚመጣ ነው።

እንግሊዝኛሽ እየሠራሽ ይለመዳል። 27 ዓመት ያልሽውንስ፣ እኔ ማስተርሴን የያዝኩት በ36 ነው።

የማስታወቂያው ቀን ሳያልፍ አመልክቺ። ማመልከቻው ላይ «እችላለሁ» አትበይ፤ «በ8ኛ ክፍል ውጤት ላይ እየሠራሁ ነው» በይ፣ ለዚያ ግን ዛሬ መጀመር አለብሽ። ባዶው ሞዴል ሲወጣልሽ ሁለቱን ቁጥሮችና የትምህርት ቤቶቹን ብዛት ጽፈሽ ላኪልኝ።