«በፈለግኩ ቀን አቆማለሁ» ለምትሉ ልጆች

ልጆች፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በነርስነት ነው። አብዛኛውን ዓመት ደግሞ ከሱስ ለመውጣት ከሚታገሉ ሰዎች ጋር ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የሚቆጣኝ አለቃ የለም። እንደመጣልኝ ልጻፍላችሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ገና ጀማሪ እያለሁ አንድ ወጣት ለሦስተኛ ጊዜ አገርሽቶበት መጣ። ሄሮይን ነበር። ያን ቀን ደክሞኝም ነበር መሰለኝ፣ «አንተ እኮ ቆራጥነት የለህም» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። «እሺ ሲስተር» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ምን እንደደረሰበት ዛሬም አላውቅም፣ ያቺ ንግግሬ ግን አብራኝ አርጅታለች።

ቆራጥነት ነበር እንዴ የጎደለው? ዕፁን ለማግኘት ሌሊት የሚዞር፣ እየተንቀጠቀጠ ከአልጋው የሚነሳ፣ ገንዘብ ለማግኘት ሰማይ የሚቧጥጥ ሰው ቆራጥነት ሞልቶ ተርፎታል። ችግሩ አእምሮው አንድ ነገር ከልክ በላይ አጥንቶ መያዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስ እና ፒተር ሚልነር የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከተቱ፣ አይጧ የምትጫነውን ማንሻ በነካች ቁጥር ጥቂት ኤሌክትሪክ ይደርሳታል። አንዳንዶቹ አይጦች በሰዓት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይጫኑት ነበር። በኋላ እንደታወቀው፣ በዚህ የአንጎል መስመር ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል ነው። ሰው ሁሉ «የደስታ ኬሚካል» ይለዋል፣ እኔን ግን ይሄ ስም ያናድደኛል። ዋናው ሥራው «ይሄን ልብ በል፣ ነገም ድገመው» ማለት ነው። ለዚህ ነው ስንትና ስንት ታካሚ «ሲስተር፣ ደስ ማለቱን ካቆመ ቆይቷል፣ ግን አልተወኝም» ያለኝ። መውደዱ አልቋል፣ መፈለጉ ግን ብቻውን ቀርቷል።

በዚህ ላይ መላመድ አለ። ሰውነት ዕፁ በየቀኑ እንደሚመጣ ሲያውቅ ራሱን በዚያ ልክ ያስተካክላል፣ ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃውም። ዕፁ የቀረ ቀን ደግሞ ሐራራ ይመጣል። ላቡ፣ ቁርጥማቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሆድ መቆራረጡ። ያኔ ሰውየው የሚወስደው ለመደሰት መሆኑ ይቀራል፣ እንደማንኛውም ሰው ቆሞ ለመሄድ ነው የሚወስደው።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ብዙ ሰው ሞክሮ ይተወዋል። ይሄን ደብቄ ባስፈራራችሁ፣ ሞክሮ የተወ ጓደኛ ስላላችሁ የቀረውንም አታምኑኝም። ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ማን እንደሚተወው፣ ማንን ደግሞ እንደሚይዘው የሚነግር ምርመራ የለም። በዘር የሚመጣው ተጋላጭነት ግማሽ ገደማ ድርሻ እንዳለው ይነገራል። ከቤተሰባችሁ ውስጥ በሱስ የተቸገረ ካለ የናንተ ዕጣ ከጓደኛችሁ የተለየ ነው፣ እሱ ቢተወውም እናንተን ሊይዛችሁ ይችላል። ዕድሜም አለበት። «ቆይ እስቲ» የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያልቀው ወደ 25 ዓመት ገደማ ነው። መኪናው ነዳጅ ተሞልቶ ፍሬኑ ገና እየተገጠመ ነው ማለት ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ወታደሮች አምስተኛው ያህል እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ሆነው ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ተከታትላ ስታያቸው፣ ከነዚህ ሱሰኞች በመጀመሪያው ዓመት ተመልሰው ሱስ ውስጥ የገቡት ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። ቦታው ተለወጠ፣ ጓደኛው ተለወጠ፣ ፍርሃቱም እዚያው ቀረ። በኛ ታካሚዎች ላይ ግን የሚሆነው ግልባጩ ነበር። ለሳምንታት አገግሞ ይወጣና ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ጓደኛ፣ ወደዚያው ስልክ ቁጥር ይመለሳል። አእምሮ ያጠናውን እዚያ ያገኘዋል። አንድ ሰው መንገድ ላይ የድሮ አቀባዩን ከሩቅ ሲያይ ላብ አጠመቀው፣ ካቆመ ግን ወራት አልፈውት ነበር።

እና ከሁሉም በላይ ሰው የሚሞትብን መቼ እንደነበር ታውቃላችሁ? ብዙ ሲወስድ በኖረበት ጊዜ ይመስላችኋል። ብዙ ጊዜ ግን ካቆመ በኋላ ነው። ከሕክምና የወጣ፣ ከእስር የተፈታ፣ «ንጹሕ ነኝ» ብሎ ቤተሰቡን ያስደሰተ ሰው። ሰውነቱ መላመዱን ረስቷል፣ እጁ ግን የድሮውን መጠን አልረሳም። በድሮው ልክ ይወስድና ትንፋሹ ይቆማል። ያገረሸበትን ሰው ማዋረድ የማይገባውም ለዚህ ነው። ካፈረ ተደብቆ ይወስዳል፣ ተደብቆ የወሰደን ደግሞ ማንም አይደርስለትም። ያ ልጅ እኮ ሦስት ጊዜ በሩን አንኳክቶ ነበር፣ እኔ ግን ሦስቴ መውደቁን ቆጠርኩበት።

«እሺ፣ ዛሬውኑ አቆማለሁ» የሚልም አለ። ጎበዝ። ግን ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አልኮል ሲጠጣ የኖረ፣ ወይም ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉትን የማረጋጊያና የእንቅልፍ ክኒኖች የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም መንፈራገጥና ቅዠት ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። በአልኮል ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ቀን ያለው ጊዜ በተለይ ያስፈራል። ይሄ ብቻችሁን በር ዘግታችሁ የምትወጡት አይደለም፣ ከሐኪም ጋር ነው። ለሄሮይንና ለመሰሎቹ ደግሞ ሜታዶን እና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ፣ ከዕፁ ጋር የሚመሳሰሉና ሐራራውን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል፣ እኔም በወጣትነቴ እል ነበር። መድኃኒቱን እየወሰዱ ሥራ የገቡ፣ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች አይቼ አፌን ዘጋሁ።

ጓደኛችሁን ከጠረጠራችሁ፣ ምክር አታብዙበት። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ያኔ ምን ሆነህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ዝምታው ይከብዳል፣ ግን ቻሉት።

አንድ ቀን ደግሞ ወድቆ ብታገኙት፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ካንኮራፋና ስትጠሩት ካልመለሰ፣ «ተኝቷል፣ ይለፍለት» አትበሉ። እርዳታ ጥሩ፣ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ ምን እንደወሰደም ለሚመጡት ሰዎች ሳትደብቁ ንገሩ። ለሄሮይንና ለመሰሎቹ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይመልሳል። ይነቃና «ደህና ነኝ፣ ምን አስጮሃችሁ፣ ሂዱ» ብሎ ሊቆጣችሁ ይችላል። አትሂዱ። የማርከሻው ጉልበት ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፣ የወሰደው ነገር ግን ገና በሰውነቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እሱ እየሰደባችሁም ቢሆን አጠገቡ ቁጭ በሉ።