ጠላው መፍላቱን በምን እንለይ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን ለገና በዓል የሚሆን ጠላ ጠንስሻለሁ። ጥንስሱ ደኅና ነበር፤ እንኩሮውን (ተቦክቶ በምጣድ የታመሰውን ዱቄት) ጨምሬ በፕላስቲክ በርሜል ድፍድፉን ካዘጋጀሁ ግን ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፤ አረፋም ሆነ የሚፍለቀለቅ ነገር አላየሁበትም። አማቴ ታግሼ እንድጠብቅ ይመክሩኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ «ሞቷል፣ ድፊው» ትለኛለች። በትክክል እየፈላ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ድፍድፉን አይድፉት፤ አማትዎ የሰጡዎት ምክር ትክክል ነው። አረፋ አለመታየቱ ብቻውን ጠላው አለመፍላቱን አያረጋግጥም። እርሾው ከብቅሉና ከእንኩሮው የተገኘውን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ አየሩ መውጫ ይፈልጋል። የበርሜል ክዳን እንደ ተመረገ የጋን አፍ አጥብቆ ስለማይዘጋ አየሩ በጠርዙ በኩል ድምፅ ሳያሰማ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ላይ ድፍድፍ ወፍራም ስለሆነ ጌሾውና እንኩሮው ወደ ላይ ተንሳፍፎ እንደ ሽፋን ይጋገርና ከሥር ያለውን እንቅስቃሴ ይሸፍነዋል።

ስለዚህ እጅዎን በሚገባ ታጥበው፣ በፈላ ውኃ በተለቀለቀ ጭልፋ ከበርሜሉ ጠርዝ አጠገብ ሽፋኑን በቀስታ ገለጥ ያድርጉት። ድፍድፉ እየፈላ ከሆነ በተገለጠው ቦታ ጥቃቅን የአየር ኳሶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ጆሮዎን ጠጋ ቢያደርጉም ቀጭን የመንጫጫት ድምፅ ይሰማሉ። ሽታውንም በእጅዎ ወደ አፍንጫዎ እያራገቡ ያሽትቱ እንጂ ራስዎን ወደ በርሜሉ ውስጥ አያስገቡ፤ የታመቀው አየር ትንፋሽ ያሳጥራል። የተለኮሰ ክብሪት ወደ በርሜሉ አፍ ዝቅ ሲደረግ ወዲያው ከጠፋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መኖሩን ያሳያል፤ ነገር ግን አየሩ መፍላቱ ካቆመ በኋላም ሊቆይ ስለሚችል ይህ ምልክት መፍላቱን እንጂ አሁንም እየፈላ መሆኑን አይነግርዎትም።

ከሁሉ ይልቅ የምንተማመነው በጣዕሙ ነው። ዛሬ ጥቂት ቀምሰው ጣፋጭነቱን ልብ ይበሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላም እንደገና ይቅመሱ። ጣፋጩ እየቀነሰ፣ የጌሾው ምሬትና ለምላስ ቆንጠጥ የሚያደርገው ጣዕም እየጎላ ከመጣ እርሾው ሥራውን እየሠራ ነው። ጣዕሙ ምንም ሳይለወጥ የዱቄት ውኃ እንደ መሰለ ከቀረ ግን ችግር አለ ማለት ነው። በቢራ ፋብሪካዎች የስኳሩ መቀነስ የሚለካው ሃይድሮሜትር በሚባል መሣሪያ ነው፤ እንደ ድፍድፍ ባለ ብዙ ዱቄት በተንሳፈፈበት ፈሳሽ ውስጥ ግን ንባቡ ስለማያስተማምን ለእርስዎ ምላስዎ ይሻላል።

እኛ እንደምናምነው የመዘግየቱ ዋና ምክንያት ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። እርሾ ግን የሚደሰተው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን አይሞትም፣ እጅግ ይዘገያል እንጂ። ቆላ ላይ በጥቂት ቀን የሚደርሰው ጠላ በመንዝና በጠራ ደጋ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ በርሜሉን ከሲሚንቶው ወለል አንሥተው በጭድ ወይም በጣውላ ላይ ያስቀምጡት፣ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት፣ ምድጃ ካለበት ክፍልም ያቆዩት፤ ነገር ግን ከእሳቱ አያስጠጉት።

አንድ ነገር ግን ሊጠይቁ ይገባል፤ እንኩሮውን ሲጨምሩት በሚገባ በርዶ ነበርን? እንፋሎቱ ሳይወጣ ከተጨመረ ሙቀቱ በጥንስሱ ውስጥ የነበረውን እርሾ ሊገድለው ይችላል። ሞቅ ባለ ክፍል ለሦስት ቀን ቆይቶም ጣዕሙ ካልተለወጠ፣ ከጎረቤት በመፍላት ላይ ካለ ጥሩ ድፍድፍ አንድ ብርጭቆ ያህል ጨምረው ያማስሉት። እሱ ከጠፋ ለብ ባለ ውኃ የተበጠበጠ ጥቂት የዳቦ እርሾ ያገለግላል፤ ዝርያው አንድ ነው፤ ሆኖም ጣዕሙ የሰፈራችንን ጠላ ያህል እንደማይሆን አስቀድመን እንነግርዎታለን። በየሰዓቱ እየከፈቱ ማማሰል ግን ይቅር፤ አየር በገባ ቁጥር ጠላውን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይበረታሉ።

መድፋት የሚገባው አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ጠጉራም ሻጋታ ከበቀለበት፣ ወይም የበሰበሰ ነገር ሽታ ካመጣ ነው። ሻጋታውን ገፍፎ የቀረውን መጠጣት አይገባም። ስስ ነጭ ሽፋን ብቻ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አየር የሚወድ እርሾ ነው፤ ገፍፈው ክዳኑን ያጥብቁት።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፍላችሁ። የጠመቅሁትን ጠላ አጥልዬ በጀሪካን አድርጌ ክዳኑን አጥብቄ ዘግቼው ነበር፤ በማግሥቱ ጀሪካኑ አብጦ አገኘሁት። ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ መፍላቱን ሳይጨርስ ዘግተውታል። ክዳኑን በፎጣ ሸፍነው፣ ፊትዎን ዞር አድርገው በጣም በቀስታ አላልተው አየሩን ያስወጡ፤ ከዚያም ጣፋጩ እስኪጠፋና ማበጡ እስኪያቆም ድረስ ክዳኑን ሳያጠብቁ ያቆዩት። በጠርሙስ የተቀዳ ከሆነ ጉዳዩ ከዚህ የከፋ ነው፤ ጠርሙስ እንደ ጀሪካን ስለማያብጥ ምልክት ሳያሳይ ይፈነዳል፤ ስለዚህ መፍላቱ ሳያልቅ በጠርሙስ አድርገው አይክደኑት።