ስንተኛው ደቂቃ ላይ አቆሙት?

ልጆቼ፣ የፊልም ፌስቲቫል ማዘጋጀት እንፈልጋለን እያላችሁ የምትጠይቁኝ በርክታችኋል። ደስ ይለኛል። ጥያቄያችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ስፖንሰር፣ ስለ እንግዳና ስለ ቀይ ምንጣፍ ነው። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሰው ስለማያየው ሥራ፣ ስለ ፊልም መረጣው ነው።

የእኛን ፌስቲቫል በጀመርን በሁለተኛው ዓመት ነው። የመዝጊያው ዕለት ማታ በር ላይ ቆሜ ሰው እሸኛለሁ። አንድ ልጅ ሰዉ እስኪያልቅ ጠብቆ ቀረበኝ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። "ጋሼ፣ ፊልም ልኬ ነበር፤ አልተመረጠም" አለኝ። የተለመደውን መልስ ሰጠሁት። ብዙ ፊልም መጥቶ ነበር፣ ቦታ ጠቦን ነው፣ በርታ። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ ስንተኛው ደቂቃ ላይ አቆሙት?" አለ።

ፊልሙ 24 ደቂቃ ነው። እኔ ስድስተኛው ላይ አቁሜዋለሁ። ድምፁ ውስጥ ነፋስ ይጮኻል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ሰዓቱም መሽቶ ነበር። ልዋሸው አልቻልኩም። "ስድስተኛው ላይ" አልኩት። አልተቆጣም። "ታሪኩ የሚጀምረው ዘጠነኛው ላይ ነው" ብሎኝ ሄደ።

ቤት እንደገባሁ ፊልሙን ከፈትኩት። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አንዲት እናት ዝናብ የመታውን የልጇን ደብተር ከሰል ምድጃ አጠገብ ታደርቃለች። አንድ አንድ ቅጠል እየገለጠች፣ እፍ እያለች። ማንም አይናገርም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይሰማል። ከዚያ ቀለሙ የፈሰሰበት ገጽ ላይ ስትደርስ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ማንበብ እንደማትችል የሚገባን ያኔ ነው፣ ደብተሩን ገልብጣ ነበር የያዘችው። ያን ዓመት መርጠን ካሳየናቸው አጫጭር ፊልሞች ውስጥ የዚህን ያህል የያዘኝ ትዕይንት አልነበረም። በማግሥቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ከዚያ ወዲህ የተላከልኝን ፊልም እስከ መጨረሻው አያለሁ። በቀን ከአራት ሰዓት በላይ ግን አላይም፤ ዓይን ሲደክም ጥፋቱ የፊልሙ ይመስላል። ማታ የጣልኩትን ጠዋት እንደገና አስብበታለሁ። አንዱን ፊልም ቢያንስ ሁለት ሰው ያየዋል፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይጨመራል። "እንዲህ ከሆነማ መች ያልቃል?" ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያው ጥሪውን ቀደም ብላችሁ ዝጉ። ማየት የማትችሉትን ያህል አትቀበሉ።

ደግሞ ከእናንተ በፊት የማመልከቻ ቅጹ እንደሚመርጥ አትርሱ። ፌስፓኮን ታውቁታላችሁ። የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረ የፊልም ፌስቲቫል፣ የአፍሪካ ሲኒማ ትልቅ ቤት ነው። እዚያ እንኳ ለዋናው ሽልማት የሚወዳደር ፊልም በ35 ሚሊሜትር ኮፒ፣ ማለትም በጥቅል ፊልም ታትሞ መቅረብ ነበረበት፤ ለዲጂታል ሥራዎች በሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እስከዚያ ድረስ በዲጂታል የቀረጸ ወጣት የኮፒ ማሳተሚያ ካላገኘ ከውድድሩ ውጪ ነበር። እናንተም ዛሬ "የማመልከቻ ክፍያ በዶላር፣ በዓለም አቀፍ ካርድ" ብላችሁ ስትጽፉ፣ ካርድ የሌለውን የደሴ ወይም የጅማ ልጅ ፊልሙን ሳታዩ መለሳችሁት ማለት ነው።

የፊልም ዳይሬክተሩ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ፊልማቸውን "ሳንኮፋ"ን ይዘው ሲወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሷቸው። እሳቸው ግን ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ አሳዩት፤ ጥቁር አሜሪካውያንም ግልብጥ ብለው ወጥተው አዩት። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሌላው ፊልማቸው "ጤዛ" በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። የተጣለ ፊልም ሁሉ ዕንቁ ነው እያልኩ አይደለም። አብዛኛው የሚላክልን ገና ያልበሰለ ነው። ግን በር ላይ የቆመ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ይህን እያሰባችሁ ምረጡ።

የመረጣችሁትን ደግሞ በወጉ አሳዩ። አንድ ዓመት የአንዲት ልጅ የመጀመሪያ ፊልም ተጀመረ። ሙዚቃው ይሰማል። የታክሲው ጥሩምባ ይሰማል። ተዋናይዋ አፏን ከፈተች፤ ቃል የለም። ፊልሙ በስድስት ቻናል ድምፅ፣ ማለትም ድምፁ በስድስት መስመር ተከፋፍሎ የተሠራ ነው። የአዳራሹ ማጫወቻ የሚያወጣው ግን የግራና የቀኙን ብቻ ነበር። ንግግር ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ መሐለኛው ቻናል ላይ ነው። ዳይሬክተሯ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እናቷ ከኋላችን ነበሩ። ስለዚህ በዋዜማው፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማሽን ፈትሹ። መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን እዩ። ሰብታይትሉን አንብቡ። የጀነሬተሩን ነዳጅ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። ለውጭ እንግዳ "12 ሰዓት" ብላችሁ አትጻፉ፤ በሱ አቆጣጠር 6 ሰዓት መሆኑን ግለጹለት።

ስለ ስፖንሰር የምለው አጭር ነው። ስሙን ባነር ላይ ይጻፍ፣ ንግግር ያድርግ። "ይህቺ ፊልም ከፕሮግራሙ ትውጣ" ካለ ግን ብሩን መልሱለት። እኛ አንድ ጊዜ መልሰናል። ያን ዓመት ከአምስት ቀን ወደ ሦስት ቀን ወረድን፣ ወንበር ከዕድር ተዋስን። ፊልሟ ታየች።

አልተመረጠም ብላችሁ ስትጽፉም ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትላኩ። ሁለት መስመር ይበቃል፤ ግን ስለዚያ ፊልም ብቻ ይሁን። አይታችሁት እንደሆነ ሰውየው ከሁለቱ መስመር ያውቃል።

ያ ልጅ በዓመቱ ሌላ ፊልም ላከ። እስከ መጨረሻው አየሁት። አሁንም አልመረጥኩትም፤ ግን አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩለት። ከሳምንት በኋላ ደብዳቤውን አትሞ ቢሮ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ በቀይ አስምሮበታል። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ አልስማማም" አለኝ። ወንበር ሳብኩለትና ኮምፒውተሩን ከፈትን። ትዕይንቱን ሁለት ጊዜ ደግመን አየነው።