መልስ፦ ሰዎቹ ሳሻ ባሮን ኮኸንን እንዴት አይለዩትም?

ወንድሜ፣ ሌላ ሰው መስሎ እየቀረበ እንግዶቹን በካሜራ ፊት ስለሚያሞኘው እንግሊዛዊ ኮሜዲያን ስለ ሳሻ ባሮን ኮኸን «ይህን ያህል ታዋቂ ሆኖ እንዴት አያውቁትም? አስቀድመው ተስማምተው አይደል?» ብለህ ጠይቀሃል። ዊግ፣ ፊት ላይ የሚለጠፍ ሜካፕና የተቀየረ አነጋገር ይረዱታል። ዋናው ሥራ የሚያልቀው ግን ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ነው።

የሮይ ሙርን ጉዳይ እይ። ሰውየው የአሜሪካዋ አላባማ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበረ ዳኛ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ለእስራኤል ላደረገው ድጋፍ ሽልማት ትቀበላለህ ተብሎ ወደ ዋሽንግተን ተጠራ። እዚያ የጠበቀው የእስራኤል የፀረ ሽብር ባለሙያ ነኝ ባይ ኮኸን ራሱ ነበር። ሊሸለም የመጣ ሰው ደግሞ ብዙ አይጠረጥርም። ያከበረህን ሰው «እስቲ መታወቂያህን አሳየኝ» ማለት ይከብዳል። ለእኔ ትልቁ ዘዴ ይሄ ነው፤ በሰው ይሉኝታ መጠቀም። ባለሥልጣንን እንዲህ መፈተን ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገድ ላይ ዕለት ጉርሱን የሚፈልግን ምስኪን አስደንግጦ መሳቅ ግን ነውር ነው፤ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ፈጽሞ አላጋራም።

ሌላው ፊርማ ነው። ከቀረጻው በፊት ወረቀት ይቀርባል፣ እንግዳው ይፈርማል። ሙር በኋላ 95 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠይቆ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2021 ክሱን ውድቅ አደረገው፤ የመክሰስ መብቱን የሚተው ሰነድ ፈርሞ ነበርና። በ2022 ይግባኙም አልተሳካም።

ተስማምተው ነው ወይ ላልከው፣ ቢያንስ ሙር አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ፍርድ ቤት ባልተመላለሰ ነበር።