አዋሽ የሚገባበት ባሕር

ውድ ልጆቼ፣

በቀያሽነት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። አንድ አዛውንት ለወጣቶች ምክር ጻፍ ሲባል ስለ ቁጠባ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ትዳር ይጽፋል። ስለ እነዚያ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈውላችኋል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጨዋታ ነው። ጓደኛሞች ተሰብስበው ስለሚጠያየቁት የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ፣ በተለይም መልሱ ቀላል መስሎ አዋቂውን ሳይቀር ስለሚያሳስተው ዓይነት ጥያቄ። በዕድሜዬ ከተጫወትኩት ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተኝም ያስተማረኝም የለም። ከእናንተ እጅ እየወጣ ስለመሰለኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ጨዋታውን የተማርኩት አፋር ውስጥ፣ አሳይታ አቅራቢያ ነው። ገና አዲስ ተመራቂ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ችካል ስንተክልና በቴዎዶላይት ስናነጣጥር እንውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከድንኳናችን ፊት ለፊት፣ አዋሽ ዳር እንቀመጣለን። ከውኃው በኩል የሚመጣው ነፋስ እንኳ ትኩስ ነበር። ፋኖሱን ትንኝ ይከበዋል፤ ሻይ በጣሳ ይዞራል። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሾፌራችን ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። ትምህርት ቤት የቆዩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ መኪና ያልነዱበት የኢትዮጵያ መንገድ ግን የነበረ አይመስለኝም።

አንድ ምሽት ሻያቸውን ፉት ብለው «እስቲ እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ፤ ይህ ወንዝ የሚገባው የትኛው ባሕር ነው?» አሉን።

እኔ ከሁሉም ቀድሜ «ቀይ ባሕር!» አልኩ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ «የለም፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው» አለ። ክርክር ተነሣ። አንዱ በጅቡቲ በኩል ያሳልፈዋል፣ ሌላው ወደ ሰሜን ያዞረዋል፤ አሸዋው ላይ በጣታችን ካርታ እስከ መሣል ደረስን። ጋሼ አላቋረጡንም። ስንጨርስ ጣሳቸው ውስጥ የቀረውን ሻይ በካርታችን ላይ አፈሰሱት። አሸዋው ወዲያው ጠጣው።

«እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉ። «ይህ ወንዝ ባሕር አይቶ አያውቅም።»

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውኃውን ፀሐይ ትወስደዋለች፣ ጨው ይቀራል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ነገር ግን ጥያቄው «የትኛው ባሕር» ብሎ ሲጀምር፣ ባሕር መኖሩን ሳልመረምር ተቀብዬ ምርጫ ውስጥ ገባሁ። የፈተናውን ወረቀት ካስረከብኩ በኋላ ከአእምሮዬ የወጣው ነገር ያን ምሽት ተመልሶ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ምክንያቱን የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በትምህርትና በማስታወስ ላይ የሚመራመሩ በተርፊልድና ሜትካልፍ የተባሉ ባለሙያዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ሰዎችን የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ይጠይቋቸዋል፤ በመልሳቸው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑም ያስመዘግቧቸዋል፤ ከዚያ ትክክለኛውን መልስ ይነግሯቸዋል። በኋላ እንደገና ሲፈትኗቸው፣ ሰዎቹ ይበልጥ አርመው የተገኙት እየተጠራጠሩ የተሳሳቱትን ሳይሆን እርግጠኛ ሆነው የተሳሳቱትን ነበር። ድንጋጤው ነው ነገሩን የሚያትመው። እኔም «ቀይ ባሕር!» ብዬ ባልጮህ ኖሮ የጋሼ ሻይ ዛሬ ትዝ አይለኝም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው፤ መልሳችሁን ጮክ ብላችሁ፣ በሰው ፊት ተናገሩት። አሁን የማየው ሌላ ነው። አንዱ ጥያቄ ያነሣል፣ አራት እጅ ወደ ኪስ ይገባል፣ አራት ስልክ ይበራል፣ መልሱ ይነበባል፣ ወሬው ይቀየራል። ማንም አልተሳሳተም፤ ማንም አልተከራከረም። በማግስቱ መልሱን የሚያስታውስ ሰው ፈልጉ፤ አታገኙም። ስልኩን አልጠላም፤ ልጄ የሰጠችኝን እኔም ይዣለሁ። ጊዜው ግን ክርክሩ ካለቀ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ከተዛወርኩ በኋላ ስድስት ጓደኛሞች ሆነን በየሳምንቱ ዓርብ ማታ መጠያየቅ ጀመርን። ነርስ፣ የታሪክ መምህር፣ የመርካቶ ነጋዴ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞችና እኔ። ከሃያ ዓመት በላይ ዘለቅን። ስልክ በየኪሱ ሲገባ አንድ ሰፌድ ቁምሳጥን ላይ ተቀመጠና ሁሉም ሲገባ ስልኩን እዚያ ማኖር ደንብ ሆነ። የጥያቄው ክብደት ከቡናው ጋር ይሄዳል። በአቦሉ ቀለል ያለ ይጠየቃል፣ በቶናው ጠንከር ያለ፤ አሳሳቹ የሚመጣው በረካው ሲቀዳ ነው። ሊመልስ ያልቻለ እንደ አያቶቻችን እንቆቅልሽ አገር ይሰጣል። ነጋዴው ጓደኛችን በአንድ ክረምት ጎጃምን ሦስት ጊዜ ሰጥቷል። በዓመቱ መጨረሻ ነጥቡ ያነሰው ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ ቡና አፍይ ይሆናል። በተሳሳተ መልስ መሳቅ ይፈቀድ ነበር፤ በተሳሳተው ሰው ትምህርት፣ አነጋገር ወይም የትውልድ ቦታ የሳቀ ግን ሁለት ነጥብ ይቀነስበታል። ይህን ደንብ ያወጣችው ነርሷ ናት። ነጋዴው ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ሆኖ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ዓርብ ሳያጓድል የመጣው በዚህ ደንብ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ስለ ጥያቄው ራሱ ልንገራችሁ፤ የጨዋታው ሕይወት እዚያ ነውና። የአንድን አገር የሕዝብ ብዛት እስከ መጨረሻው አኃዝ መጠየቅ ከባድ ነው እንጂ አሳሳች አይደለም። አያስደስትምም። ጥሩ አሳሳች ጥያቄ መላሹ የሚያውቀውን ነገር ይዞ እንዲሳሳት የሚያደርግ ነው። መልሱ ሲነገረው «አላውቀውም ነበር» አይልም፤ «እንዴት ይህን ሳላይ ቀረሁ!» ይላል።

ነርሷ ያመጣችውን አንዱን ላሳያችሁ። «አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው በእኛ አቆጣጠር በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ኦሎምፒኩ በ1960 እ.ኤ.አ. እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። መስከረም ከጠባ ሰባት፣ ሳይጠባ ስምንት እንደሚቀነስም እናውቃለን። ባንክ ሠራተኛው «ወሩ ሴፕቴምበር ነው» አለ፤ ሰባት ቀነስንና ሁላችንም በአንድ አፍ 1953 አልን። እርሷ ስኒዋን አስቀምጣ «ሴፕቴምበር ስንት?» ስትል ዝም አልን። ሩጫው የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ነው። በዚያ ዓመት መስከረም 1 የዋለው በማግስቱ ነው። ስለዚህ አበበ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዓመታችን የመጨረሻ ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ።

ታሪክ መምህሩ ትንሽ አሰበና አንድ ነገር ጨመረ። ሩጫው ያለቀው ከመሸ በኋላ ነው፤ የጣሊያን ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ በባዶ እግሩ፣ በችቦ ብርሃን መካከል ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሲገሰግስ፣ በዚያው ምሽት እዚህ አገር በየደጁ የአዲስ ዓመት ችቦ ይለኮስ ነበር። ያን ማታ ቡናው ቀዘቀዘ፤ ማንም አላነሣውም። ስለ አበበ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ምሽት ግን አላየሁትም።

ሌሎቹን በአጭሩ። «በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ጨዋታ ሳያሸንፍ፣ አንድ ጎልም ሳያገባ ሁለተኛ የወጣ ቡድን ማን ነው?» የእኛው ነው፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ። ተጋጣሚው ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎው ምክንያት ከውድድሩ ስለታገደ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። «የሉሲ ልጅ እየተባለች የምትጠራው የዲኪካዋ ሰላም ከሉሲ በስንት ታንሳለች?» አታንስም፤ ትበልጣለች። ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን፣ ሕፃኗ ሰላም የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። «28 ቀን ያላቸው ወራት ስንት ናቸው?» የሚለውን የፈረንጆች ጥያቄ ሰምታችሁ ይሆናል፤ እዚያ መልሱ «አሥራ ሁለቱም» ነው። እኛ ዘንድ ግን ወራት አሥራ ሦስት ናቸውና ጳጉሜን 28 ቀን አይሞላትም። ተውሶ የመጣ ጥያቄ እኛ ቤት ሲገባ እንዲህ መልኩን ይለውጣል።

የራሴ የምወደው ጥያቄ ከሙያዬ የመጣ ነው፤ «ጫፉ ከመሬት እምብርት ከሁሉ የሚርቀው ተራራ የቱ ነው?» ሁሉም ኤቨረስት ይላል። ኤቨረስት ከባሕር ጠለል 8849 ሜትር ነው። መሬት ግን ድቡልቡል ኳስ አይደለችም፤ ወገቧ ላይ ወጣ ያለች ናት፤ ከመሃሏ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት እስከ ዋልታዋ ካለው በ21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ በኢኳዶር ምድር ወገብ አጠገብ የቆመው ቺምቦራዞ፣ ከባሕር ጠለል 6263 ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከመሬት መሃል ሲለካ ኤቨረስትን በሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጠዋል። ቀያሽ ከፍታ ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት ተነሥቶ?» ብሎ ነው።

ይህን የምለው እኔ ራሴ አንድ ማታ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ዳኛ ነበርኩ። የራስ ዳሸንን ከፍታ ጠየቅሁ፤ በልጅነታችን መጽሐፍ እንደተማርነው መልሱ 4620 ሜትር ነበር። ታሪክ መምህሩ «4550» አለ። ከለከልኩት። ሲከራከረኝ «ቀያሹ እኔ ነኝ» አልኩት፤ ዝም አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ከሁላችን በአንድ ነጥብ ያነሰው እርሱ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሥራ ሰነድ ሳገላብጥ የተራራውን ከፍታ አየሁ። አዳዲሶቹ መረጃዎች 4550 ሜትር ገደማ ያደርጉታል፤ 4533 የሚሉም አሉ። ወደ 4620 የሚጠጋ አልነበረም። ያን ማታ መጽሐፉን እንኳ ይዤ አልመጣሁም፤ የያዝኩት ሙያዬን ነበር፤ ሙያዬን ደግሞ ማስረጃ በሚያስፈልግበት ቦታ አስቀመጥኩት። የነጥብ መዝገባችን ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፤ እኔ ዘንድ ነበር። በማግስቱ ይዤው ኮተቤ ቤቱ ሄድኩ። ገጹን አውጥቼ በእርሱ ስም ትይዩ የነበረውን ሰርዤ አንድ ጨመርኩና ፈረምኩበት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። «እንግዲያው ያን ዓመት ሙሉ ቡና ያፈላሁት በከንቱ ነዋ» አለና ባለቤቱን ጠርቶ አሳያት። ከዚያ በኋላ እኛ ጠረጴዛ ላይ ማስረጃውን በእጁ ያልያዘ ሰው ጥያቄ አያቀርብም፤ ቁጥር ከሆነም መቼና በማን እንደተለካ ይናገራል። እናንተም ይህን ደንብ ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት። የሚያሳስት ጥያቄ የሚያመጣ ሰው ከመላሹ ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት እርሱ ነው፤ ጓደኞቹ በእርሱ ቃል የሚያውቁትን ነገር ሊጥሉ ነውና።

ለመጀመር ብዙ ነገር አያስፈልጋችሁም። አራት ሰው፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ሰፌድ ለስልኩ። ቡና ከሌለ ሻይ ይበቃል። በዚህ ሳምንት ሞክሩት። መነሻ እንዲሆናችሁ አንድ ጥያቄ ከእኔ ውሰዱ፤ የምድር ወገብ መስመር የኢኳቶሪያል ጊኒን የብስ የሚያቋርጠው በየትኛው ከተማ አጠገብ ነው? ቶሎ አትመልሱ። መጀመሪያ ሁላችሁም መልሳችሁን ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ ከዚያ ጥሩ ካርታ ፈልጋችሁ የአገሪቱን ደሴቶች ጭምር በጣታችሁ ተከተሉ። ካቃታችሁ አገር ትሰጡኛላችሁ። ባሌን ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ተራሮቹን ሳልቀይስ ነው ጡረታ የወጣሁት።